ጸጥ ያለው ዳር፦ በነፋሻ ሐይቅ ላይ ትንሽ ጀልባ ስለ መያዝ

ሐይቅ ዳር ቆመው ውኃው ጸጥ ብሎ ሲያዩ፣ እግርዎን ወደ ጀልባው ከማንሣትዎ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይመርምሩ። ከጀርባዎ፣ ማለትም ከየብስ ወደ ውኃው የሚነፍስ ከሆነ፣ ጸጥ ያለው እርስዎ የቆሙበት ዳር ብቻ ነው። ነፋስ ሞገድ ለማንሣት ሜዳ ይፈልጋል። በውኃ ላይ የሚሮጥበት ርቀት በረዘመ ቁጥር ሞገዱ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከየብስ ገና በወጣበት ቦታ ግን ዛፉ፣ ግንቡና ኮረብታው ስለሚከልሉት ውኃው እንደተኛ ይቆያል። ስለዚህ ከዳር ሆኖ ሐይቁን የሚመለከት ሰው የሚያየው የሞገዱን መነሻ ነው፤ ጉልበቱ ያለው ወዲያ ማዶ ነው። በዚያ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋዎት ቀዘፋው ይቀልልዎታል፣ እጅዎም የበረታ ይመስልዎታል። ችግሩ የሚገለጠው ለመመለስ ፊትዎን ሲያዞሩ ነው፤ ያን ጊዜ ሩቅ ነዎት፣ ደክመዋል፣ ሞገዱም አድጓል። በትንሽ ጀልባ ከሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ የመጀመሪያው የነፋሱን አቅጣጫ አውቆ መነሣት ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ላይፍ ጃኬቱም፣ ጭነቱም፣ የቀዘፋ ጥበቡም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ አንዳቸውም ቢሆኑ በተሳሳተ አቅጣጫ የተጀመረን ጉዞ ሙሉ በሙሉ አያርሙም።

ሪያድ ከየትኛውም ባሕር የራቀች የበረሃ ከተማ በመሆኗ ነገሩ ለዚያ ነዋሪ የማይመለከተው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዓርብና ቅዳሜ እረፍት ሲሆን ቤተሰብ ይዞ ወደ ውኃ የሚወጣው ሐበሻ ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው የዋዲ ናማር ግድብ ይሄዳል፤ አንዳንዱ የዋዲ ሐኒፋ ውኃ ወደሚጠራቀምበት ወደ ሓኢር ይወርዳል፤ ብዙው ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደማምና ኮባር አጠገብ ወዳለው የግማሽ ጨረቃ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። ለእረፍት አገር ቤት የገባውም ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ጎራ ማለቱ አይቀርም። ከእነዚህ መካከል ጀልባ ለመያዝ የተፈቀደው በየትኛው እንደሆነ እንደ ቦታው ይለያያል፤ በሪያድ ዙሪያ ባሉት ውኃዎች ዳር የተተከለ የክልከላ ምልክት ካለ እዚያው መመለስ ነው። የኔ ሥጋት በሌላ ነገር ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው በደጋና በወይና ደጋ ነው፤ ውኃን የምናውቀው ከምንጭና ከወንዝ ነው። ወንዝ አደጋውን በድምፅ ይናገራል፤ ሐይቅ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከቤት ሳይወጡ ነው። በሳዑዲ የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ማዕከል ለየአካባቢው በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ቀለም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ቢጫውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ መኪና ለሚነዳ ሰው ቢጫ ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለትንሽ ጀልባ ግን ጉዞውን ለመተው በቂ ነው። ትንበያ ሲያዩ የነፋሱን አማካይ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በድንገት የሚበረታበትን ልክ ይመልከቱ፤ ጀልባ የሚገለብጠው አማካዩ አይደለምና። ነፋስ በእጥፍ ሲፈጥን የሚያሳርፈው ግፊት በእጥፍ አያድግም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የተቆጣጠሩት ጀልባ በ30 ላይ ሌላ ጀልባ ነው። መሣሪያ ለሌለው ሰው ደግሞ ሪያድ ራሷ ጥሩ መለኪያ አላት። መርከበኞች ነፋስን በደረጃ የሚለኩበት የቦፎርት መለኪያ አራተኛው ደረጃ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ በየብስ ላይ የሚታወቀው አቧራና የወዳደቀ ወረቀት ሲያስነሣ ነው። ያው ነፋስ በሰፊ ውኃ ላይ በየቦታው ነጭ አረፋ ያለው ሞገድ ያነሣል። እንግዲህ በመንፉሓ ወይም በባጥሓ ጎዳና ላይ ፌስታል ከመሬት ተነሥቶ ሲበር ካዩ፣ ያ ነፋስ በውኃ ላይ ቢሆን ኖሮ ለጀማሪ የሚሆን አልነበረም ማለት ነው። በምሥራቁ ጠረፍ ደግሞ ሸማል የሚሉት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ነፋስ አለ፤ በበጋው ወራት፣ በተለይ በጁንና በጁላይ፣ ለቀናት ሳያቋርጥ ሊነፍስ ይችላል። በማናቸውም ውኃ በሰሜንና በምዕራብ ዳር ለቆመ ሰው ሸማል የጀርባ ነፋስ ነው። በጠረፉ ላይ በአየር የሚነፋ የልጆች ፍራሽና የፕላስቲክ ጀልባ ይዞ የሚገባ ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት፤ እንዲህ ያለው ቀላል ነገር በነፋስ ሲወሰድ ተራ ዋናተኛ ተከትሎ አይደርስበትም።

ቦታው ላይ ሲደርሱ ዕቃ ከማውረድዎ በፊት ሩብ ሰዓት ቆመው ይመልከቱ። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ፊትዎን ቀስ እያሉ ያዙሩ፤ ሽውታው በሁለቱም ጆሮዎ እኩል ሲሰማዎት ፊትዎ በትክክል ወደ ነፋሱ መምጫ ነው። የነጠላ ጫፍ ወይም ቀጭን ፌስታል ከፍ አድርጎ መያዝም ይሠራል። ከዚያ ዓይንዎን እግርዎ ሥር ካለው ውኃ ያንሡና ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር ወዲያ ይመልከቱ። ልስልሱ ውኃ ድንገት ጠቆር ብሎ የሚሻክርበት መሥመር ካለ፣ የየብሱ ከለላ የሚያበቃው እዚያ ነው። ነጭ አረፋ ከታየዎት አይውጡ። ሩቅ ያለ ጀልባ እየተንገላታ ከሆነ የእርስዎም እንዲሁ ይሆናል። ጣናን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ባሕር ዳር ያለችው በደቡብ ጫፍ ነው። ከሰሜን፣ ከጎርጎራ በኩል የሚነፍስ ነፋስ ያን ሁሉ ውኃ አቋርጦ ስለሚመጣ ሞገዱን ባሕር ዳር መናፈሻዎች ሥር ድረስ ያመጣዋል፤ ሰውም አይቶት ይጠነቀቃል። ከደቡብ ሲነፍስ ግን የባሕር ዳር ዳርቻ ይለሰልሳል፤ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ለመሻገር የሚጋብዘውም ይኸው ቀን ነው። ከሁለቱ አታላዩ የኋለኛው ነው።

ከዚህ የሚወጣው ዋና ሕግ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ነፋሱን ተጋፍተው ይሂዱ። ጉልበትዎ ሙሉ ሳለ ከባዱን መንገድ ይፈጽሙት፣ ሲደክሙ ነፋሱ ወደ ተነሡበት ይመልስዎታል። ተራ ቀዛፊ በጸጥታ ውኃ የሚሄደው በእግር የሚሄድ ሰውን ያህል፣ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርቱ ነፋስ ይህን ወደ ባዶ ሊያወርደው ይችላል። ተጋፍተው አሥር ደቂቃ ቀዝፈው ዳር ላይ ካለ ዛፍ አንጻር ፈቀቅ ካላሉ፣ ሐይቁ መልስ ሰጥቶዎታል፤ ይመለሱ። ነፋሱ ከጀርባ የሚነፍስበት ዳር ላይ ከሆኑና ሌላ መነሻ ከሌለ ደግሞ ዳር ዳሩን ብቻ ይሂዱ፣ ቆመው ሊደርሱበት ከሚችሉት ጥልቀት አይራቁ። «ነፋስ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ታዲያ ይህ ሕግ ምን ይጠቅማል?» ሊባል ይችላል። መቀየሩ እውነት ነው፤ በተለይ በትልልቅ ሐይቆች ላይ ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው አየሩ ከውኃው ወደ የብስ መሳብ ይጀምራል። በጣናም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጠዋት ተኝቶ የነበረው ውኃ ከቀትር በኋላ የሚነሣው በዚህ ነው። መልሱም ማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ፣ በየጥቂት ደቂቃውም ነፋሱን በጆሮ መፈተሽ ነው። ሰማዩ በአንድ በኩል ከጠቆረ ዝናቡን አይጠብቁ፤ የነጎድጓድ ደመና ነፋሱን ከፊቱ ያስቀድማል። በሪያድ የጸደይ ወራት የአቧራ ግድግዳ ከዝናቡ ቀድሞ ሲደርስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በውኃ ላይም የሚመጣው በዚያው ቅደም ተከተል ነው፣ አቧራው ስለሌለ ግን አይታይም።

ሌላው የሚሰማው ተቃውሞ «ሐይቁ ጥልቅ አይደለም» የሚለው ነው። ጥልቀት ማነስ ከሞገድ አያድንም። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ግን ባሕር ያህላል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ወጥተው ሳይጨርሱ ሌላው ይደርሳል፣ ትንሽ ጀልባም የሚሞላው በእንዲህ ያለው ሞገድ ነው። ለሰመጠ ሰው ደግሞ ሦስት ሜትርና ሦስት መቶ ሜትር ልዩነት የላቸውም።

ጭነት ላይ ስንመጣ፣ ከሪያድ አንባቢዎች መካከል ትንሽ ጀልባ ሲባል ባብ ኤል መንደብ ወይም የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚታወሰው ብዙ ነው። ጁን 10 ቀን 2024 (ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.) 260 ሰዎች ጭና ከሶማሊያ የተነሣች ጀልባ የመን ጠረፍ አጠገብ ተገልብጣ ቢያንስ 49 ሰዎች መሞታቸውን፣ 140 ደግሞ መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስታውቋል፤ ከተሳፋሪዎቹ ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ያለ ምንም ዓይነት ጥበብ እንዲያ የተጨናነቀችን ጀልባ አያድንም፤ እንዲያድንም ተብሎ አልተጻፈም። ለሽርሽር የወጣችው ጀልባ ላይ ግን ያው የጭነት ሕግ ይሠራል። ተሳፋሪዎች ከተቀመጡ በኋላ ከውኃው በላይ የቀረውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ነፋስ ባለበት ቀን ከክንድ ያነሰ ከሆነ ሰው ወይም ዕቃ ይውረድ። አከራዩ «ሰባት ሰው ይይዛል» ቢልዎት፣ ያ ቁጥር የተኛ ውኃ ቁጥር ነው። ወደ ውስጥ የገባ ውኃም ጭነት ነው፤ 4 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ባለው ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢቆም 400 ኪሎ ግራም ይሆናል፣ ስድስት ሰው እንደተጨመረ ማለት ነው። ከሰው የሚከፋው ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ጀልባዋ ባዘነበለችበት በኩል ሁሉ አብሮ ይሮጣል። ስለዚህ መጨለፊያ ጣሳ ወይም ባልዲ በገመድ ታስሮ ይግባ፣ መጨለፉም ውኃው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ይጀመር። ከባዱ ዕቃ መሐል ወለል ላይ ይሁን፣ ሰዉም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ፎቶ ለመነሣት መቆም እዚህ ቦታ የለውም።

ላይፍ ጃኬት ዳር ላይ ይለበሳል፣ ይታሰራል፤ ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ጀልባ ሲገለበጥ አይደረስበትም፣ ቢደረስበትም በሞገድ ውስጥ መልበስ አይቻልም። አባያ ወይም ረጅም ቀሚስ የለበሱ እናቶችና እኅቶች ጃኬቱን ከላይ ያድርጉት፤ ከውስጥ ከሆነ ልብሱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ፊት ይሸፍናል። የቀሚሱን ጫፍ ጉልበት ላይ መቋጠር፣ ነጠላንና ሻርፕን ማውለቅ ያስፈልጋል። የሕፃን ጃኬት በትከሻው በኩል ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጆሮው ላይ ከወጣ ሰፊ ነውና ይቀየር። «እኔ ዋና እችላለሁ» የሚል ሰው፣ በገንዳ የሚዋኘው በየሃያ አምስት ሜትሩ የሚይዘው ጠርዝ እያለው መሆኑን ያስብ። ከበድ ያለው ተቃውሞ ከጣና የሚመጣው ነው፦ «የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎች ጃኬት አይለብሱም፣ ዕድሜያቸውን ግን ውኃ ላይ ይኖራሉ።» የደንገል ታንኳ ሥሪቱ ሌላ ነው። ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋል፤ ሞገድ ቢያጥበው ውኃው በእሥሩ መካከል ያልፋል እንጂ እንደ ፋይበር ወይም እንደ ቆርቆሮ ጀልባ ውስጡ አይጠራቀምም። ቀዛፊውም ማለዳ ይነሣል፣ ዳር ዳሩን ይይዛል፣ ነፋሱ ሲነሣ ከውኃ መውጣትን ከአባቱ ተምሯል። ጃኬት አለመልበሱን ብቻ ወስዶ የቀረውን መተው እርሱን መምሰል አይደለም። «ቀን ከደረሰ የሚያስቀር የለም» የሚለውንም በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ብዙዎቻችንን በስደት ያቆመ እምነት ነው። ግን ከአማኙ ማንም ቢሆን ግመሉን ሳያስር መመካትን፣ ፍሬን ሳይጠግን መንገድ መውጣትን እምነት ብሎ አይጠራውም። በገሊላ ሐይቅ ላይ ማዕበል ሲነሣ በጀልባዋ ውስጥ ከነበሩት ሐዋርያት መካከል ዓሣ አጥማጅነት ሙያቸው የሆነ ነበሩበት፤ ሐይቁም ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሙያም፣ የሐይቅ ትንሽነትም ከድንገተኛ ነፋስ ዋስትና አልሆኑም።

ነፋሱ ውኃ ላይ እያሉ ቢነሣ የመጀመሪያው ሥራ የጀልባዋን ጎን ከሞገድ መጠበቅ ነው። ሞገዱን በፊቷ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርገው ይቀበሉት፤ ፊት ለፊት ከገጠሙት አፍንጫዋ ሊጠልቅ ይችላል፣ በጎኗ ከመታት ግን ትገለበጣለች። ሞተር ካለ ፍጥነት ይቀንሱ፤ ሞገድን በፍጥነት ማምለጥ አይቻልም፣ ከአንዱ ጫፍ ዘሎ የሚቀጥለው ውስጥ መግባት ብቻ ነው። የግድ መዞር ካለብዎ ይጠብቁ። ሞገድ እኩል አይመጣም፤ ከጥቂት ትልልቆች በኋላ አነስ ያሉ ይከተላሉ፣ መዞሪያው ያን ጊዜ ነው፤ ሳያመነቱ በአንድ ጊዜ ያዙሩ። ከነፋሱ ጋር ሲመለሱ ክብደት ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበል፣ አፍንጫዋ ከፍ እንድትል። ወደ ተነሡበት መድረስ ካልቻሉ ነፋሱ የሚወስድዎትን ዳር ይቀበሉ፤ መኪናው የቆመበት ቦታ ለመድረስ ሲሉ ከሞገዱ ጋር ጎን ለጎን አይሂዱ። ድንጋያማውን ትተው አሸዋማውን ወይም ሣር ያለበትን ይምረጡ። በእግር አሥር ኪሎ ሜትር መመለስ ዕዳው ቀላል ነው። ይህን ሁሉ መለማመድ የሚሻለው ጸጥ ባለ ቀን፣ ጀልባ በሚከራይበት ትንሽ የመናፈሻ ውኃ ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት መዞርና መቆም ብቻ ተለማምዶ መውጣት የሚያሳፍር አይደለም።

ሞተር ቢጠፋ ለመጠገን ከመጎንበስዎ በፊት መልሕቅ ይጣሉ፣ እርሱንም ከፊት። ከኋላ የታሰረ መልሕቅ ጀልባዋን በኋላዋ ወደ ሞገዱ ጎትቶ ይሞላታል። ገመዱ ከጥልቀቱ አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይርዘም፤ አጭር ገመድ መልሕቁን ይነቅለዋል። መልሕቅ ከሌለ ባልዲ በገመድ ከፊት አስረው ይልቀቁ፤ ውኃ ውስጥ እየተጎተተ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ያዞርልዎታል፣ በነፋስ መወሰዷንም ያዘገየዋል። ጀልባዋ ብትገለበጥ ከእርሷ አይለዩ። አብዛኛው ትንሽ ጀልባ ተገልብጦም ይንሳፈፋል፤ ፈላጊም ከሩቅ የሚያየው እርሱን ነው፣ የሰው ራስ በሞገድ መካከል አይታይም። ዳሩ ቅርብ መስሎ ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በውኃ ላይ ርቀት ያታልላል፣ ዋናውም ከነፋሱ ጋር ትግል ይሆናል። ልጆችን መሐል አድርገው ተያያዙ፣ ቁጥራችሁን ቁጠሩ፣ የቻለ ሆዷ ላይ ይውጣ።

ዳር ላይ የሚቀር አንድ ሰው ሊኖር ይገባል፤ ስንት ሰው እንደወጣ፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ካለፈ ለማን እንደሚደውል የሚያውቅ። በሪያድና በምሥራቁ ግዛት ለአደጋ የሚደወለው 911 ነው፤ ባሕር ላይ ለሆነም እዚያው ይደወላል፤ የድንበር ጠባቂው 994 የሚያገለግለው 911 በማይሠራባቸው ግዛቶች ነው። ስልኩ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ በደረት ኪስ ይሁን፣ ፊሽካም ከጃኬቱ ጋር ይታሰር። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ሰው ለመደወል እንደሚፈራ የታወቀ ነው፤ ሥጋቱም መሠረት የለውም አልልም። ዳር የሚቀረው ሰው ወረቀቱ የተሟላና ዐረብኛ የሚናገር እንዲሆን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ፣ ቢቸግር እርዳታ ለመጥራት በማትደፍሩበት ውኃ ላይ ጀልባ አትያዙ፤ ዳር ላይ ሆናችሁ እሳታችሁን አንድዱ። የሚደውለው ሰው ቦታውን፣ የሰዎቹን ቁጥር፣ ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸውን ይናገር፤ ከሁሉ በላይ ነፋሱ ወዴት እየነፈሰ እንደሆነ ያስረዳ፣ ፈላጊዎቹ ፍለጋውን የሚጀምሩት ጀልባዋ ከጠፋችበት ቦታ ተነሥተው ነፋሱን በመከተል ነውና።